ስም ይዤ ከዘመሮ እስከ ራቤል

ሰው ከዘመሮ ወደ ራቤል ሲሄድ የሚሸከመውን ሁሉ ተሸክሜ አውቃለሁ። በግ በትከሻዬ ይዤ ሄጃለሁ፤ የጣራ ቆርቆሮ ይዤ ሄጃለሁ፤ አንዴማ የአማቴን አልጋ ግማሹን አውቶቡሱ ጣራ ላይ አስጭኜ፣ ግማሹን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄጃለሁ። ስለዚህ እትዬ በላይነሽ ጠርተውኝ "አንድ ዕቃ ራቤል ታደርስልኛለህ" ሲሉኝ፣ እጅጌዬን እየሰበሰብኩ "ምን ያህል ይከብዳል?" አልኳቸው።

"ሁለት ቃል ነው" አሉኝ።

ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያን ሳቅ የሳቀውን ሰውዬ ባገኘው ደስ ይለኛል።

እትዬ በላይነሽ የሟች አባቴ ታላቅ እህት ናቸው። የሁሉም ታናሽ የሆኑት ወንድማቸው ጋሽ ደምሴ ደግሞ ራቤል ይኖሩ ነበር፤ ሚስት አላገቡም፣ ልጅ የላቸውም፣ የንስሐ አባታቸውም ቀድመዋቸው አልፈዋል። ጋሽ ደምሴ ሲያርፉ፣ እንደ አገራችን ደንብ፣ ለእትዬ መርዶው የተነገራቸው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። አሮጊት በሌሊት ተቀስቅሳ "ወንድምሽ ሞተ" አትባልም። ደንቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ማንም ያላሰበው አንድ ጣጣ ነበረበት። የጋሽ ደምሴን የክርስትና ስም የሚያውቁት እትዬ ብቻ ነበሩ። ካህናቱ ለፍትሐት ስም ሲጠይቁ ዘመድ እርስ በርሱ ተያየ፤ መጨረሻ ላይ አንዱ "የደብሩ ታቦት ሚካኤል አይደል? ገብረ ሚካኤል ሳይሏቸው አይቀሩም" አለ። እንደዚያው ተባለ፤ እንደዚያው ተቀበሩ።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ከመርዶው በላይ አለቀሱ። "ወንድሜን በግምት ቀበራችሁት! አሁን እዚያ በር ላይ ቆሟል። የሰው ስም ሲጠራ ይሰማል፤ የእሱ ሲጠራ አይሰማም። ምን ብሎ ይገባል?" አሉ። ጉልበታቸው አውቶቡስ አያስወጣቸውም። የአርባው ፍትሐት ደግሞ ቀርቧል። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ሚስማርና ገመድ የምሸጥባት አንዲት ሱቅ አለችኝ፤ ዕዳዬ የወንድም ልጅነት ነው። ተመረጥኩ።

በሩን ዘጉት። ዶሮዋን ከቤት አስወጧት። ድመቷንም ትንሽ ካዩዋት በኋላ አስወጧት። ከዚያ ጆሮዬን ይዘው ስሙን ነገሩኝ። ሁለት ቃል ነው፤ እንደማንኛውም የክርስትና ስም ጭንቅላትና ጅራት አለው። እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደማልጽፈው ትረዱኛላችሁ።

"አትጻፈው" አሉኝ። "መንገድ ላይ ጮክ ብለህ አትበለው። በስልክም እንዳትናገረው። በልብህ እያልከው ሂድ።"

"እንዴ፣ ምን ይሆናል እትዬ?"

በልጅነታቸው የሚያውቋት አንዲት ሴት ነበረች አሉኝ። የክርስትና ስሟ የማይሆን ሰው እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ከጓዳዋ ግድግዳ ውስጥ በዚያ ስም ትጠራ ጀመር። ሴትዮዋ ብልህ ስለነበረች ዝም ትል ነበር። አንድ ቀን ገብስ ስታበጥር ልቧን ጣለችና "አቤት" አለች።

"ከዚያስ?" አልኳቸው።

"ከዚያማ አቤት አለቻ!" አሉኝ፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅሁ ሁሉ። ከዚህ በላይ አልነገሩኝም። ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር።

አውቶቡሱ ማልዶ ተነሳ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ በርኖሴን እስከ አገጬ ስቤ፣ ስሙን በልቤ ማለት ጀመርኩ። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ጣራው ላይ የታሰሩት በጎች ይጮኻሉ፤ መስኮቱ ይንቀጫቀጫል። ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ከሞተሩ ጋር ገጥሞ ጥሩ ዜማ ወጣው። "ምን አስቸገረ ይሄ!" አልኩ።

ከዚያ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ስለ አንዲት ምራት ማንሾካሾክ ጀመሩ። ሹክሹክታ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር ዝምታ ሊባል ይችላል። ግን እመኑኝ፣ ሴቶቹ "ታዲያ ምን አለቻት?" ሲሉ የስሙ ጭንቅላት ከአፌ ጫፍ ወረደ። ፈልጌ መለስኩት። "ጨው እንኳ አታውቅም!" ሲሉ ጅራቱ ጠፋ። እሱንም መለስኩ። ጆሮዬን በሁለት ጣት ደፈንኩ፤ ምራቲቱ በጣቶቼ መሐል ገባች።

ቦታ ቀየርኩ። አዲሱ ጎረቤቴ በስልክ ኦሮምኛ የሚያወራ የከብት ነጋዴ ነው። ደስ አለኝ፤ ኦሮምኛ አልችልማ! የማይገባኝ ነገር ምን ያደርገኛል? ግን ለሰሚው ግራ ነው፤ ያ የማይገባኝ ንግግርም አስቸገረኝ። ሰውዬው ሲናገር ስሙ ይበተናል፤ ሲያዳምጥ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ጩኸት አይደለም ስሙን የሚነካው። ጩኸቱን ጆሮዬ ይተወዋል። የሰው ድምፅ ግን፣ የትም ይምጣ፣ ምንም ይበል፣ ልክ ስሙን ወደማስቀምጥበት ክፍል ገብቶ ይቀመጣል። ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። እኔ በሬን የምዘጋው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እዚያ ክፍል ላይ በር የለም።

መሃል ሜዳ ከተማ ስንደርስ መናኸሪያው ላይ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚያስተባብር ሰው ቆሟል። ዣንጥላ፣ ሥዕል፣ ሜጋፎን፣ ሁሉም ነገር ሙሉ ነው። ወደ መስኮቴ መጣና ሜጋፎኑን አፍንጫዬ ላይ ደቀነ። "ወንድሜ! የአቅምዎን! የክርስትና ስምዎን ተናግረው በጸሎት ይታሰቡ!" ቶሎ እንዲሄድልኝ ያለኝን ሰጠሁት።

"የክርስትና ስም?" አለ።

አፌ ተከፈተ። በአፌ ውስጥ ያለው ስም ደግሞ የጋሽ ደምሴ ነው። ልል ስል፣ ምላሴ ጫፍ ሲደርስ፣ እትዬ ታወሱኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእኔ ግን ሲያመልጥ ታወቀኝና ያዝኩት። የጋሽ ደምሴን ስም ከምሰጥ ብዬ የራሴን ሰጠሁ። ጀግንነት መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኔና የጋሽ ደምሴ የክርስትና ስም ጅራቱ አንድ ነው። በአንድ ጻድቅ ስም ነው የተጠመቅነው። ጭንቅላቱ ብቻ ይለያል። የሜጋፎኑ ሰውዬ ስሜን እየደጋገመ "ያስብልን!" ሲል መላው መናኸሪያ ሰማኝ። ይህም ባልከፋ፤ ነገር ግን ሜጋፎኑ በመጨረሻ የተነገረውን ቀድቶ የሚደግም ዓይነት ነበር፤ የቀዳውም ስሜን ነው። ሰውዬውም ወደ ራቤል የሚሄድ ነበር። ተሳፈረ። ቦታ ያገኘውም ከእኔ ወንበር ጀርባ ነበር። የፈሩት ይደርሳል።

"ወንድሜ፣ አጥፋው እንጂ" አልኩት።

"ማጥፊያው ተበላሽቷል፤ ድምፁን ቀንሼዋለሁ።"

"ባትሪውን አታወጣውም?"

"የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ይታፈን ነው የምትለኝ?" አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሁለቱ ሹክሹክተኞች ምራቲቱን ትተው ወደ እኔ ተዛወሩ።

ከመሃል ሜዳ በኋላ መንገዱ ሣር ወደሞላበት ወደ ጓሳው ደጋ ይወጣል። ከፍ ባልን ቁጥር ጉሙ ወረደ፤ መጀመሪያ ሜዳው ጠፋ፣ ቀጥሎ የመንገዱ ዳር ጠፋ፣ በመጨረሻ የአውቶቡሱ አፍንጫ ጠፋ። ሾፌሩ "ገደል ውስጥ ከምከታችሁ ትንሽ እንቆይ" ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ ከጀርባዬ ያለው ሜጋፎን ብቻ ቀረ። በቀጭን፣ በደከመ፣ የእኔም የማንም ባልሆነ ድምፅ፣ ስሜ ይጠራል። ዝም ይላል። ደግሞ ይጠራል።

የጋሽ ደምሴን ስም ለመያዝ ሞከርኩ። ጅራቱን ስይዘው የሜጋፎኑ ጭንቅላት ይቀጠልበታል። ስነቅለው መልሶ ይተከላል። ወረድኩ። ጉሙ ውስጥ ጥቂት ራቅ ብዬ ብቻዬን ስሙን ልበል ብዬ ነው። ሣሩ እስከ ጉልበቴ ረጥቧል። ከአንድ ቦታ ጭላዳ ዝንጀሮዎች እንደ ሽማግሌ ይስላሉ። ራቅ አልኩ፤ ግን ድምፁ አልራቀም። ከኋላዬ የነበረው ከቀኜ መጣ። ወደ ግራ ሄድኩ፤ ከፊቴ ጠራኝ። በጉም ውስጥ ድምፅ አቅጣጫ እንደሌለው ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የማውቀው የእትዬን ግድግዳ ብቻ ነበር። ጥርሴን ነክሼ "አቤት አልልም፣ አቤት አልልም" እያልኩ ከድምፁ ሸሸሁ። አንድ እጅ በርኖሴን ከኋላ ጨምድዶ ያዘኝ። ጮህኩ።

የአውቶቡሱ ረዳት ነው፤ ጢሙ የሸበተ ሰው። "ሰውዬ፣ ሽንትህን ለመሽናት ወሎ ድረስ ትሄዳለህ እንዴ?" አለኝ። ወደ ፊት አመለከተኝ። ካቆምኩት እግሬ ቀጥሎ መሬት አልነበረም። ነጭ ጉም ነበር፤ ጉሙ ውስጥ፣ በጣም ታች፣ ውሃ ይሰማል።

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ስሙ ግን አፌ ውስጥ አለ! ሁለቱም ቃል፣ ጭንቅላትና ጅራት፣ ሳይንገዳገድ ቆሟል። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እስከ ራቤል ድረስ ይህንኑ እያልኩ ሄድኩ፤ አንዴም አልጠፋብኝም። ምንኛ ደስ አለኝ መሰላችሁ!

ራቤል ሚካኤል ስደርስ ፍትሐቱ እኔን ሲጠብቅ ቆይቷል። ዘመድ ተሰብስቦ ከበበኝ። "እንደምን ከረማችሁ? እትዬ እንዴት ናቸው? ከብቱስ? ዝናቡስ?" ለአንዱም አልመለስኩም። መልስ ከሰጠሁ ስሙ ይወድቃል። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ዓይኔን አፍጥጬ፣ በመሐላቸው አለፍኩ። አንዲት ዘመዴ "ወይኔ፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጣ!" ብላ ደረቷን ደቃች። ሌሎቹም ተከተሏት። ለጋሽ ደምሴ የተዘጋጀው ልቅሶ ግማሹ ለእኔ ሆነ።

ቄሰ ገበዙ ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። "ስሙን ይዘሃል አሉ" አሉኝ። ጆሯቸው ላይ ተጠግቼ አስረከብኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸክሜ ወረደ። ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ፤ ጠላ እስኪደርስ ልቤ ቸኮለ።

ፍትሐቱ ተጀመረ። ጉሙ እዚህም ደርሷል፤ ካህናቱ ሲወዛወዙ ይታያሉ ይሰወራሉ። ቄሰ ገበዙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ነፍሰ ገብርከ…" አሉና ስሙን ጠሩ።

የንስሐ አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠሩኝ በክርስትና ስሜ ነው። እሳቸው ሲጠሩኝ ካህንን ማስጠበቅ ነውር ስለሆነ፣ ከየትም ብሆን ቶሎ ብዬ እመልሳለሁ። ስለዚህ ከጉሙ ውስጥ የካህን ድምፅ ስሜን ሲጠራ፣ ቀኑን ሙሉ የነከስኩት ጥርሴ ተላቀቀ።

"አቤት!" አልኩ።

ካህናቱ አቆሙ። ለቀስተኛው ሁሉ አቆመ። ከዚያ አንዲት ሴት በቀጭኑ "ደምሴ መለሰ!" ብላ ጮኸች።

የሆነውን ሁሉ መናገር አልችልም፤ ብዙውን አላየሁትም። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ዲያቆኑ ጥናውን ጥሎ ሮጠ። የጋሽ ደምሴን ድንበር እየገፋ ያርስ የነበረው ጎረቤታቸው፣ በትልቅ ዕድሜው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ሲዘል አይቼዋለሁ። በኋላ እንደሰማሁት በማግስቱ ድንበሩን መልሷል። እኔ ግን መሮጥ አልቻልኩም። ሌላው የሸሸው ከጋሽ ደምሴ ነው፤ እኔ ከማን ልሽሽ? የተጠራሁት እኔ ነኝ። በሙታን ጸሎት፣ በካህን አፍ፣ በትክክለኛው ስሜ፣ እግዚአብሔር ነፍሴን እንዲያሳርፋት እየተለመነልኝ ነው። ደግሞም አቤት ብያለሁ።

"አባቴ" አልኳቸው፣ "የጠሩት እኔን ነው። የራሴን ስም ነው የሰጠሁዎ። እኔ አልሞትኩም።"

ቄሰ ገበዙ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ለጊዜው" አሉ።

"ጸሎቱን መመለስ አይቻልም?"

"የተጸለየ አይመለስም፤ ይቆይልህ። አሁን የሟቹን ስም ንገረኝ።"

የሸሸውም ተመልሶ፣ ሰው በሙሉ ወደ እኔ እያየ ጸጥ አለ። ቀኑን ሙሉ የተመኘሁት ጸጥታ ይህ ነበር። ምራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ሜጋፎን የለም። ገባሁና ስሙን ያስቀመጥኩበት ክፍል ውስጥ ፈለግሁ። ባዶ ነው። ጅራቱ አለ፤ ጭንቅላቱ የነበረበት ቦታ ላይ የእኔ ስም ተቀምጦ ያየኛል። ከጓሳው ጀምሮ እንዲህ አጥብቄ የያዝኩት እሱን ነው። ማፈር ብቻ አይደለም የተሰማኝ፤ ጋሽ ደምሴ እውነትም በር ላይ ቆመው ታዩኝ። ዛሬም የሰው ስም ተጠርቶባቸው፣ ባርኔጣቸውን እንደያዙ፣ ጨዋ ሰው ናቸውና ምንም ሳይሉ።

ስልኬን አውጥቼ እትዬ ዘንድ ደወልኩ።

"ደረሰ?" አሉኝ ገና ሲያነሱት።

"እኔ ደርሻለሁ እትዬ። ስሙ ግን…" አልኩና አለቀስኩ።

እርግማን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን "ሁሉም እዚያ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኳቸው። "እንግዲያው ድምፁን ከፍ አድርግልኝ" አሉ። ከፍ አደረግሁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሹክሹክታ እንኳ የፈሩትን ስም፣ ከሩቅ ማሳ ወንድሟን ለምሳ እንደምትጠራ ልጅ፣ በሙሉ ድምፃቸው ጠሩት። ግንቡ መለሰው። ቄሰ ገበዙም ተቀበሏቸውና ዘለቁት። እስኪያልቅ ድረስ ስልኩን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። እጄ ዛለ፤ አላወረድኩትም።

ሲያበቃ "አሁን ገባ" አሉ። ቀጥሎ ለእኔ ብቻ፣ ዝቅ ብለው፣ "የእኔን ስም የሚያውቀው እሱ ነበር። ስትመለስ ቤት ና" አሉኝ።

ሄድኩ። ከእኔ የተሻለ ሰው ፈልጉ ብዬ ለመንኳቸው። "አንተ አንዴ ጥለህ አይተኸዋል፤ ሌላው ገና አልጣለም" አሉኝና ዶሮዋን አስወጥተው ነገሩኝ። ስለዚህ ዘመሮ ገበያ ላይ ሚስማር እየመዘነ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰውዬ ካያችሁ፣ እኔ ነኝና ሰላም አትበሉኝ። ስለ ዝናብም አትጠይቁኝ። ኩራት አይደለም።

በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው እየሄድኩ ስሙን በጆሯቸው እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም "እሰይ፣ አልጠፋም" ይሉኛል። ባለፈው እሑድም ሄድኩ። ጸሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ ቆይተው ነው ማን እንደሆንኩ ያወቁት። ተጠግቼ፣ እንደተለመደው፣ ሁለቱን ቃል አንድም ሳላዛንፍ አልኳቸው።

ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ፈገግ አሉ።

"ደስ የሚል ስም ነው" አሉኝ። "የማን ነው?"